የዝናብ ጃኬት ስትገዢ መጀመሪያ ብብቱን እዪ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰኔ ግም ሲል የጥያቄያችሁ ዓይነት ይቀየራል። ግንቦት ሙሉ ስለ ማድያትና ስለ ሙቀት ስትጠይቁኝ የነበራችሁ ሰዎች አሁን ሁላችሁም ጫማ፣ ጃንጥላ፣ ጃኬት ሆናችኋል። ዛሬ ብዙውን ቦታ ለአንዲት የባህር ዳር ልጅ ሰጥቼዋለሁ ምክንያቱም ጥያቄዋ የብዙዎቻችሁ ነው፣ ሌሎቹን ሁለት ከታች ቶሎ ቶሎ አያቸዋለሁ።

ጥያቄ

እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ቤቴ ቀበሌ 14 ነው ቢሮዬ ደግሞ ጊዮርጊስ አካባቢ። ጠዋት በባጃጅ ነው የምሄደው፣ ማታ ግን ሐኪም ተራመጂ ስላለኝ ትንሽ ዞር ቢያደርገኝም የጣናን ዳር ይዤ በእግሬ ነው የምመለስ፣ አሁን አሁንማ ሱስ ሆኖብኛል። እሁድ ከጓደኞቼ ጋር አራት ሆነን ወይ ቤዛዊት እንወጣለን ወይ በጀልባ ዘጌ እንሻገራለን፣ ባለፈው ነሐሴ ጢስ ዓባይም ሄደን ጭቃ በጭቃ ሆነን ነው የተመለስነው። ችግሬ ምን መሰለዎት፣ የቢሮ ካፖርቴ ዝናብ ሲነካው ውሃውን ይጠጣና እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ለእግር ጉዞ የገዛኋት ላስቲክ ደግሞ ውሃ ባታስገባም በላቤ ነው የምታጥበኝ፣ ጃንጥላ ልያዝ ስል የሐይቁ ነፋስ ይገለብጠዋል ዘንድሮ እንኳ ሁለት ሰብሬያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሁለት ጃኬት አየሁ። አንዱ አዲስ ነው፣ ወፈር ያለ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ጥቁር የሚያብለጨልጭ፣ ሻጩ ጠብታ አያስገባም ብሎ ማለልኝ። ሌላው ሰልባጅ ነው፣ ስስ አረንጓዴ፣ ስፖንጅ የለው ገበር የለው፣ ክንዱ ስር ዚፕ አለው፣ ታጉ ላይ 10,000/10,000 ይላል ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ጓደኞቼ አዲሱን ግዢ ይሉኛል፣ እናቴ የሰው ልብስ ቤቴ አይገባም ብላ ፊቷን አዙራለች። ያለኝ 6 ሺህ ብር ነው። ለሥራም ለእግር ጉዞም ለቤተክርስቲያንም የሚሆን አንድ ጃኬት ይኖራል ወይስ ሞኝነት ነው?

የቀበሌ 14ቷ

መልስ

እቴ ሞኝነትስ አይደለም። ይኖራል፣ እንዲያውም ሳታውቂው እጅሽ ላይ ይዘሽው ነበር፣ ያቺ ሰልባጇ ናት። ሳላያት እንዴት አፌን ሞልቼ ተናገርኩ ካልሽ ያናገረችኝ ያቺ ክንዷ ስር ያለችው ዚፕ ናት። ግን ብሩን ከመቁጠርሽ በፊት የምታገላብጪያቸው ነገሮች አሉ እነሱን አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ። ባህር ዳር ላይ ዝናብ ያበሰበሰሽ ከመሰለሽ ቀን ግማሹ ላብሽ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐምሌ ላይ እንኳ ዶፉ አባርቶ ጸሐይዋ ብቅ ካለች ከሐይቁ ጋር ተደምሮ ወበቁ ልብስ ያስወልቃል። ደብረ ታቦር ያለች እህት ብትኖርሽ እሷ ያለችው ወደ 2,700 ሜትር ላይ ነው፣ ለሷ ያ ስፖንጅ ያለው ጃኬት እሰየው ነው፣ ላንቺ ግን ከጊዮርጊስ ተነስተሽ ሃያ ደቂቃ እንደተራመድሽ ፍራሽ ተሸክመሽ የምትሄጂ ነው የሚመስልሽ። ሰው ዝናብ ሲያስብ ብርድ ያስባል፣ ስህተቱ እዚህ ጋ ይጀምራል። እኛ የሚያስፈልገን ዝናቡን ከውጭ የሚመልስ፣ የውስጡን ሙቀት ደግሞ የሚያስወጣ ስስ ነገር ነው፣ ከበረደሽ ከስር ሹራብ ትጨምሪያለሽ ካልበረደሽ ታወልቂያለሽ አለቀ። ስፖንጁን ግን ከጃኬቱ ላይ ቀድደሽ አታወጪው።

የጎጃም እረኛ ይሄን ድሮ ነው ያወቀው። ገሳ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል፣ ከሳር የሚሠራው፣ ልክ እንደ ቤት ክዳን ሳሩ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ ውሃውን ወደታች ያንሸራትተዋል በሳሩ መሀል ደግሞ አየር እንደልቡ ይገባል ይወጣል፣ እረኛው ቀኑን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ይውላል እንጂ በላብ አይቀቀልም። ያንቺ ላስቲክ ውሃውን እንደ ገሳ መለሰች፣ አየሩን ግን ዘጋችው። በነገራችን ላይ ፈረንጆቹም በዚሁ ነው የጀመሩት፣ ቻርልስ ማኪንቶሽ የሚባል ስኮትላንዳዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1823 ነው ሁለት ጨርቅ መሀል ጎማ አድርጎ ዝናብ የማያስገባውን ጨርቅ ያስመዘገበው፣ የሱም ለባሾች እንዳንቺው ያልባቸው ነበር።

መፍትሄው የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በፈረንጆቹ 1969 ቦብ ጎር የሚባል አሜሪካዊ ፒቲኤፍኢ የሚባለውን ነገር፣ ያው መጥበሻ ላይ እንቁላል እንዳይይዝ የሚቀባው ማለት ነው፣ አሙቆ በቀስታ ለመሳብ ሲሞክር ሲሞክር እምቢ ይለውና ተናዶ በአንዴ ነጥቆ ሲስበው ተለጠጠለት። ጎርቴክስ የሚባለው ከዚያ ነው የወጣው። የተለጠጠው ስስ ነገር በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሞልቶታል፣ ቀዳዳው ከአንድ የውሃ ጠብታ 20,000 ጊዜ ያህል ስለሚያንስ ጠብታው አያልፍበትም፣ የላብ እንፋሎት ግን ያልፍበታል። ዛሬ በሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የሚሠራም ብዙ አለ፣ ጎርቴክስ ካልሆነ አልገዛም ማለት የለብሽም።

አሁን ወደ ታጉ እንምጣ። የመጀመሪያው 10,000 የውሃ ነው፣ ሚሊ ሜትር ነው የሚለካው። ጨርቁን ወጥረው በላዩ ላይ የውሃ ግፊት ይጨምሩበታል፣ በስንት ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ላይ ሲደርስ ነው ማስገባት የሚጀምር ይላሉ። 10,000 ሚሊ ማለት 10 ሜትር ነው። ጣናን ታውቂዋለሽ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ጥልቀቱ ግን ባማካይ ሲወሰድ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። እና ያቺ ሰልባጅ ጨርቋ ብቻውን ከታየ ከጣና የሚከብድ ውሃ የሚችል ነው ማለት ነው፣ እስካላረጀ ድረስ። ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል ዝናብ እኮ ሐይቅ አይደለም ካልሽ ልክ ነሽ፣ ዝናቡ ራሱ ብዙ አይገፋም፣ የሚገፋው የቦርሳሽ ማንገቻ ትከሻሽ ላይ ሲጫንና እርጥብ የባጃጅ ወንበር ላይ ስትቀመጪ ነው። ለከተማና ላንቺ ዓይነት ጉዞ 10,000 ከበቂ በላይ ነው፣ 5,000ም ለአጭር መንገድ ይሆናል፣ ከ1,500 በታች ከሆነ ግን ለካፊያ ነው ዶፍ አይችልም። 20,000 የሚለውን ተራራ ለሚወጡት ተይላቸው፣ ብሩ ከተረፈሽ ጫማ ግዢበት።

ሁለተኛው 10,000 የላብ ነው፣ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ በ24 ሰዓት ስንት ግራም እንፋሎት ያስወጣል ነው። 10,000 ደህና ነው። ግን ይሄን ቁጥር እንደ ጸሎት አትመኚው እቴ፣ ምክንያቱም የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እንፋሎት የሚወጣው ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፣ ውጭው ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን ነው፣ የባህር ዳር የነሐሴ አየር ግን ውጭውም እንደ ውስጡ እርጥብ ነው ስለዚህ እንፋሎቱ ወዴት ይሂድ? እዛው ይቀራል። 20,000 የተጻፈበት ውድ ጃኬት ለብሳ ቤዛዊትን ስትወጣ ውሃ የሆነች ጓደኛ አለችኝ። ለዚህ ነው ብብቱን እዪ የምልሽ። የክንድ ስር ዚፕ ቁጥር አያስፈልገውም ከፍተሽው ትሄጃለሽ በቃ፣ ነፋሱ ከሐይቁ ይገባል፣ ክንድሽ ስለሚከልለው ዝናቡ አይገባም። ብብቱ ላይ ዚፕ ከሌለው ቢያንስ ኪሱ ውስጡ ወንፊት የሆነ፣ ሲከፈት አየር የሚያስገባ ፈልጊ። የምትለብሺው ቲሸርትም ወፍራም ጥጥ አይሁን፣ ጥጥ ላቡን ይጠጣና ይዞት ይውላል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ሆኜ ጥጥን ማማት ከብዶኛል እናቴ ብትሰማኝ ትቆጣኝ ነበር፣ ግን ለዝናብ አይሆንም ምን ላድርግ።

አሁን የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ የዚህ ከተማ ሱቅ ነው ስሙ ይቅር፣ ልክ እንዳንቺው ሻጭ ጠብታ አታስገባም ብሎኝ አንድ የምታምር ሰማያዊ ጃኬት ገዛሁ። ውሃ ረጨበት ተንከባለለ፣ አመንኩ ከፈልኩ። በሳምንቱ ከዘጌ ስንመለስ ሐይቁ መሀል ላይ ዝናቡ ከነነፋሱ መጣብን፣ ገና ወደ ወደቡ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ትከሻዬ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጠብ አለ፣ ቀጥሎ ጀርባዬ፣ ቀጥሎ ከዚፑ ስር ሆዴ። ቤት ገብቼ ገልብጬ ሳያት ጨርቋ ደህና ነው፣ ስፌቱ ግን ባዶ። የልብስ ስፌት መኪና አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ሦስት አራት ቀዳዳ ትበሳለች፣ የአንድ ትከሻ ስፌት ብቻ ሃምሳ ስልሳ ቀዳዳ ነው ማለት ነው፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ከውስጥ በቴፕ ካልተሸፈኑ ጨርቁ ጣናን ቢችል ምን ዋጋ አለው፣ በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።

ስለዚህ ገበያ ስትመለሺ መጀመሪያ ጃኬቷን ገልብጫት። ገበር ስለሌላት እድለኛ ነሽ ሁሉም ነገር ይታያል። ስፌቱ ሁሉ ላይ፣ ትከሻው፣ ብብቱ፣ ኮፍያው፣ ጎኑ፣ እንደ ፕላስተር የተለጠፈ ስስ ቴፕ ካለ በጣም ጥሩ። ትከሻና ኮፍያ ላይ ብቻ ካለ ለከተማ ይሆናል ለጀልባ አይሆንም። ቴፑን በጥፍርሽ ጫር ጫር አድርጊው፣ እየተነሳ ከመጣ ወይም የውስጡ ጨርቅ እንደ ጸሐይ የበላው ቆዳ የሚላላጥ ከሆነ፣ ስትነኪው ሙጭጭ የሚል ከሆነ፣ ወይ የኮመጠጠ ሽታ ካለው መልሰሽ ስቀይው፣ ውሃውን የሚመልሰው የውስጥ ሽፋን ጊዜው አልፎበታል ማንም አይጠግነውም። ሰልባጅ ላይ ዋናው አደጋ ይሄ ነው፣ የሰው ልብስ መሆኑ ችግር የለውም ታጥቦ ያልቃል። ደረቱ ላይ በክር የተጠለፈ የብራንድ አርማ ካለ ከጀርባው ተሸፍኗል ወይ ብለሽ እዪ፣ ጥልፉ ራሱ መርፌ ነው የበሳው። ታዋቂ አርማ ስላለው ደግሞ አትሞኚ፣ አርማ የሚጠልፍ ሰው ሁሉ ቴፕ አይለጥፍም።

ከዚያ እፍ በዪበት። እውነቴን ነው፣ ጨርቁን አፍሽ ላይ ለጥፈሽ በደንብ እፍ ስትዪ ትንፋሽሽ እንደልቡ ካለፈ ውሃም ያልፋል፣ እንቢ ካለሽ ሽፋኑ አለ። ያንን ስፖንጃም ጃኬትም እንዲሁ ሞክሪው። ሻጩ ከፈቀደልሽ ደግሞ እጅጌውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርገሽ ከሃይላንድሽ ትንሽ ውሃ አፍስሺበትና ከስር በጣትሽ እያሸሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂ። ዝም ብሎ ረጭቶ ተንከባለለ የሚለውን አትቀበዪ፣ እኔን የሸወደኝ እሱ ነው። የሚንከባለለው ላዩ ላይ በተቀባ ነገር ነው፣ ያ ቅብ በመታጠብና በመታሸት ይለቃል፣ ሲለቅ የላይኛው ጨርቅ ውሃ ይጠጣና ጃኬቱ ይከብዳል ይቀዘቅዛል፣ ላብሽም መውጫ ያጣል፣ ያኔ ሰው አስገባ ይላል እንጂ አላስገባም። ቅቡ ግን ይታደሳል፣ ሽፋንና ቴፕ ናቸው የማይታደሱት። ስለዚህ ሰልባጇ ላይ ውሃው ባይንከባለል እንኳ ተስፋ አትቁረጪ፣ ለዋጋ መከራከሪያ ይሆንሻል።

ልኳ ላይ ሴቶች የምንሳሳተው መስታወት ፊት ቀጥ ብለን ቆመን ስለምንለካ ነው። በሹራብ ልበሺያት፣ ሁለት እጅሽን የባጃጅ ብረት እንደምትይዢ ወደላይ አንሺ፣ ወገብሽ ከታየ ወይም እጅጌው እስከ ክንድሽ ከተሰበሰበ አጭር ናት። ከዚያ ቁጭ በዪ። ዳሌሽ ላይ ከተወጠረች ዚፑ ወደላይ ይጠቀለላል፣ ከታችም የሚከፈት ባለሁለት ራስ ዚፕ ካላት ግን ስትቀመጪ ከስር ትከፍቻለሽ፣ ብስክሌት ለምትነዱም ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ርዝመቷ መቀመጫሽን ብትሸፍን ነው የምመርጠው፣ ባጃጅ ውስጥ የጎኑ መጋረጃ እያለም ከጎማ የሚረጨው ውሃ የሚያገኝሽ ጭንሽ ላይ ነው። እስከ ጉልበት የምትደርስ ግን አትሁን ዘጌ ዳገቱን ስትወጪ ትጠልፍሻለች። የእጅጌው ጫፍ ቸርር ብሎ በሚጣበቀው የሚጠብብ ይሁን አለበለዚያ እጅሽን ከፍ ስታደርጊ ውሃው በክንድሽ ወርዶ ክርንሽ ድረስ ይገባል።

ኮፍያው ላይ ደግሞ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ፣ እሱም ጸጉርሽ ነው። አብዛኛው ኮፍያ የተቆረጠው ለተኛ ጸጉር ነው፣ ሹሩባ ተሠርተሽ ወይ አፍሮሽን ለቀሽ ስታደርጊው ወደኋላ ይጎትትሻል። ስለዚህ ሹሩባ በተሠራሽ ሳምንት ሂጂና ሞክሪው፣ ነጠላም ይዘሽ ሂጂ ምክንያቱም ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትሄጂ ነጠላሽን ከላይ ካደረግሽ ይበሰብሳል ከኮፍያው ስር መግባት አለበት። ራስሽን ወደግራ ወደቀኝ አዙሪ፣ ኮፍያው አብሮሽ ካልዞረና ዓይንሽን ከሸፈነው ከኋላ የሚጠብብ ገመድ አለው ወይ ብለሽ እዪ። ገመድ ከሌለው መንገድ ስታቋርጪ ባጃጅ አታዪም፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ግንባሩ ላይ እንደ ኬፕ ወጣ ያለ ምላስ ቢኖረው ደግሞ መነጽር ለምናደርገው ሰዎች እግዜር ይስጠው።

ለቢሮና ለቤተክርስቲያን ትሆናለች ወይ ላልሽው፣ አረንጓዴው ደበዘዝ ያለ ከሆነ ምንም አትልም፣ ቀሚስ ላይም ሱሪ ላይም ትሄዳለች። የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ነው ሰው የእግር ጉዞ ልብስ የሚያስመስለው፣ ጥቁሩ ደግሞ ዝናቡ አባርቶ ጸሐይ ስትወጣ ይጋግርሻል ጭቃውም ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይታይበታል። ስስ መሆኗ ሌላም ጥቅም አለው፣ ተጣጥፋ ቦርሳሽ ውስጥ ትገባለች፣ በባህር ዳር ክረምት ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ሰማዩ ሲገለበጥ የሚያድንሽ ቦርሳ ውስጥ ያለ ጃኬት ነው እንጂ ቤት የተሰቀለ አይደለም። እውነት ለመናገር አንድ ጉድለት አላት፣ ገበር ስለሌላት ከስር እጅጌ የሌለው ከለበስሽ ቆዳሽ ላይ ትለጠፋለች፣ ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ነገር ከስር ልበሺ። ቢሮ ለቢሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንፊት ገበር ያላት ትሻልሽ ነበር፣ ያንቺ ግን እሁድም አለባት።

ለእናትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፣ ታጥባ ነው ቤት የምትገባ። አንድ የማስጠነቅቅሽ ግን ረዘመች ብለሽ ልብስ ሰፊ ጋ እንዳትወስጃት፣ ከወሰድሻት አዲስ ቀዳዳ ነው የምታስበሺባት። የዚፕ ራስ ማስቀየር ብቻ ይፈቀድልሻል።

ጥያቄ

እትዬ ከውጭ የመጣልኝ ጥሩ የዝናብ ጃኬት ነበረኝ፣ ሁለት ክረምት እንደ አዲስ ነበር አሁን ግን ውሃ ይጠጣል። በኦሞ ዘፍዝፌ በበረኪና ጭምር አጥቤዋለሁ ማለስለሻም ጨምሬ፣ ባሰበት። ልጣለው?

የሽምብጧ

መልስ

ኧረ አትጣይው፣ ግን እጅሽን ከበረኪናው አንሺ። የዱቄት ሳሙና ትራፊ ጨርቁ ላይ ይቀርና ውሃ ይስባል፣ ማለስለሻ ደግሞ ከሱ ይብሳል ቅቡን ይሸፍነዋል፣ በረኪናውን አላወራውም። ጥሩ ነገር ላይ ሦስቱንም ባንዴ አወረድሽበት። አሁን እንዲህ አድርጊ፣ ዚፑን ሁሉ ዝጊ፣ ለብ ባለ ውሃ በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ሳታሺው ሳትጨምቂው እጠቢው፣ ከዚያ አረፋው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለቴ ሦስቴ አለቅልቂው። ጥላ ላይ ስቀይው። ሲደርቅ ካውያሽን በትንሹ ሙቀት አድርገሽ፣ እንፋሎት ሳይኖረው፣ ስስ ፎጣ በመሀል አንጥፈሽ ላዩን ቀስ ብለሽ ተኩሺው፣ ታጉ ላይ ካውያው ኤክስ ከተደረገበት ግን አትንኪው። የተኛው ቅብ በሙቀት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ውሃው ተመልሶ ይንከባለላል። ካልተመለሰ ለዝናብ ልብስ የሚረጭ ወይም ሲታጠብ የሚጨመር ማደሻ አለ፣ ጃኬቱን የላኩልሽ ሰዎች ቀጥሎ ሲመጡ ያምጡልሽ። ብዙዎቹ አዳዲስ ጃኬቶች ቅቡ ውስጥ ይገባ የነበረው ፒኤፍኤኤስ የሚባለው ኬሚካል የለባቸውም፣ ተፈጥሮ ውስጥ አልጠፋ ስለሚል አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከፈረንጆቹ 2025 ጀምሮ አብዛኛው ልብስ ላይ ከልክለውታል፣ መልካም ነው፣ ግን በምትኩ የመጣው ቅብ ቅባትና ቆሻሻ ቶሎ ይይዘዋልና ቶሎ ቶሎ መታጠብ ይፈልጋል። ሰው ግን በተቃራኒው እንዳያልቅ ብሎ አያጥበውም። ክረምት ሲወጣ ደግሞ እርጥቡን ጠቅልለሽ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው፣ ይሻግታል፣ መስቀያ ላይ ይክረም።

ጥያቄ

ሰላም ለርስዎ፣ እኔ ወንድ ነኝ አምዱን ግን አነባለሁ። ባለቤቴ በየቀኑ ከፔዳ እስከ ቤታችን በእግሯ ነው የምትመጣው፣ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ለበዓል ስትመጣ የዝናብ ጃኬት እንድታመጣላት ነግሬያታለሁ፣ ሳይዟን ላክልኝ አለችኝ። ባለቤቴ እንዳታውቅ ነው የምፈልገው። እዚህ 12 ነው የምትለብሰው።

አስደናቂው ባል

መልስ

ወንድሜ እሰይ ያገባ እንዳንተ። ግን 12 ብለህ እንዳትልክ! የየት አገር 12? የእንግሊዝ 12 አሜሪካ ላይ 8 ነው፣ አውሮፓ ላይ ደግሞ 40፣ የቻይናው ከዚህ ሁሉ ጠበብ ይላል። እህትህ እዛ አሜሪካ 12 ብላ ከገዛች ሁለታችሁ የምትገቡበት ጃኬት ነው የሚመጣላችሁ። ቁጥሩን ትተህ ልኩን ላክ። ሚስትህ ሰፋ ብሎ በሹራብ የሚሆናትን ጃኬት ወይ ካፖርት አልጋ ላይ ዘርግተህ ከብብት እስከ ብብት ለካና በሁለት አባዛው፣ ዳሌው ጋም እንዲሁ፣ ከዚያ ከጀርባ አንገቷ መሀል ጀምረህ በትከሻ በኩል እስከ እጅጌው ጫፍ ለካ። ሦስቱን ቁጥር በሴንቲ ሜትር ጽፈህ ላክላት፣ የሴቶች ቁርጥ ይሁን፣ ብብቱ ላይ ዚፕ ይኑረው፣ ስፌቱ በሙሉ ቴፕ ይሁን በላት፣ እህትህ ይገባታል። ቀለሙን አንተ አትምረጥ፣ እህትህ ትምረጥ። ሜትሩን ይዘህ የሚስትህን ካፖርት ስትለካ ከያዘችህ ደግሞ እኔ የለሁበትም።